ልጆቻችን በስንት ሰዓት ይተኙ?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር፣ ለአንባብያን እንዲመች ተስተካክሎ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ሌሊትን ለዕረፍት ለሰጠን አላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርእሳችን ለአንዳንዶቻችን ትንሽ መስሎ ሊታየን ይችላል። «ልጅ ሲደክመው ይተኛል፣ ይህ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ስለ ልጆቻችን ትምህርት፣ ስለ ቂርአታቸው፣ ስለ ጠባያቸውና ስለ ጤናቸው ከምናነሳቸው ብዙ ቅሬታዎች በስተጀርባ ይህ ትንሽ የመሰለን ጉዳይ ተደብቆ እናገኘዋለን።

ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል ገደማ በገርጂ፣ በሰሚት፣ በአያት ወይም በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየሞች በር ላይ ቆመን እንመልከት። የትምህርት ቤት ሰርቪስ ይጠብቃል። እናት የአራት ዓመት ልጇን በእንቅልፍ ላይ እንዳለ ታለብሰዋለች፤ ቁርሱን እምቢ ይላል፤ ያለቅሳል። ሰርቪሱ ላይ ተመልሶ ይተኛል። መምህርቷ «ልጁ አይከታተልም» ብላ ደብተሩ ላይ ትጽፋለች። ከዐስር በኋላ መድረሳ ሲሄድ ቁርኣኑን ፊቱ ዘርግቶ ያንቀላፋል፤ ኡስታዙም ሰነፍ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ አንዳንዱማ ይቆጣዋል፣ ይቀጣዋል። ልጁ ግን ሰነፍ አይደለም። እንቅልፍ ያልጠገበ ልጅ ነው።

ለምን አልጠገበም? አባት ሱቁ መርካቶ ነው። ሱቅ ዘግቶ፣ ትራንስፖርት ጠብቆ፣ ከተማውን ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ አቋርጦ ቤቱ ሲደርስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይሆናል። እራት እሱን ይጠብቃል። እስከዚያው ቴሌቪዥኑ ወደ አማርኛ የተተረጎመ ተከታታይ ፊልም ያሳያል፤ ሞባይሉ ከልጅ ወደ ልጅ ይዞራል፤ ዘመድም ከአሜሪካ በቪዲዮ ይደውላል፤ እዚያ ገና ቀን ነውና። በዚህ መልኩ ሕፃኑ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ይተኛል። ማንም ሊጎዳው አስቦ አይደለም። የመኝታውን ሰዓት የወሰነለት ሰው ግን የለም።

ሸሪዓችን ምን ያመላክተናል?

የአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በፊት መተኛትንና ከዒሻ በኋላ ወግ ማብዛትን ይጠሉ እንደነበር አቡ በርዛ አል-አስለሚ (ረ.ዐ) ማስተላለፋቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ዑለማዎች ዕውቀት መማማርን፣ እንግዳ ማስተናገድንና ከቤተሰብ ጋር በኸይር መጨዋወትን ከዚህ ለይተው አይተዋል። መሠረቱ ግን ግልጽ ነው፤ የሙስሊም ቤት ከዒሻ በኋላ ወደ ዕረፍት ያዘነብላል።

በሱረቱ ኑር አንቀጽ 58 ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቻችን በሦስት ጊዜያት ሳያስፈቅዱ ወደ እኛ እንዳይገቡ ታዘናል። እነርሱም ከፈጅር ሰላት በፊት፣ ልብስ በሚወልቅበት የቀትር ሰዓት፣ እና ከዒሻ ሰላት በኋላ ናቸው። አንቀጹ የሚያስተምረን ስለ ማስፈቀድ አደብ ነው። ሆኖም ልብ እንበል፤ ቁርኣን ስለ ቤታችን ሲናገር ከዒሻ በኋላ ያለውን ጊዜ የዕረፍትና የገመና ጊዜ አድርጎ ነው የሚጠቅሰው። ልጆች እስከ 5 ሰዓት ሳሎን ውስጥ በሚሯሯጡበት ቤት ይህ አደብ እንዴት ይጠበቃል? ለወላጆችስ የራሳቸው ጊዜ ከየት ይመጣል?

ሌላም ማስረጃ እንጨምር። አንድ ሌሊት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የዒሻን ሰላት አዘገዩ። በዚህ ጊዜ ዑመር (ረ.ዐ) ድምፃቸውን አሰምተው ሴቶቹና ሕፃናቱ መተኛታቸውን ነገሯቸው። ነቢዩም ወጥተው አሰገዱ። ይህንንም ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሰላቱ ከተለመደው ሲዘገይ የሕፃናቱን እንቅልፍ አስታውሶ የሚናገርላቸው ሰው ነበር። ያ ሰው ዑመር ነበሩ። ዛሬ በየቤታችን ተከታታይ ፊልሙ ሲረዝም ለሕፃናቱ የሚናገርላቸው ማን ነው?

እንዲሁም ጃቢር (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ምሽት ሲገባ ልጆቻችንን ከውጭ እንድንሰበስብ ታዘናል፤ ሸይጣኖች በዚያ ሰዓት ይሰራጫሉና። የኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ኳስ የሚጫወት ልጅ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ወደ ቤት መግባት አለበት ማለት ነው። ይህ ሱና የቀኑን ሩጫ ከሌሊቱ ጸጥታ የሚለይ በር ነው።

ስንት ሰዓት መተኛት ያስፈልጋቸዋል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ባወጣው መመሪያ እንቅልፋቸውን፣ የቀኑንም ጨምሮ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ተምኖታል። እስከ ሦስት ወር ላለ ሕፃን ከ14 እስከ 17 ሰዓት፤ ከአራት እስከ አሥራ አንድ ወር ላለ ከ12 እስከ 16 ሰዓት፤ ለአንድና ለሁለት ዓመት ልጅ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፤ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ነው። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላሉት ደግሞ የእንቅልፍ ሐኪሞች ከ9 እስከ 12 ሰዓት ይመክራሉ።

አሁን እናስላ። የአራት ዓመቱ ልጅ ማታ 4 ሰዓት ተኝቶ ጠዋት 12 ሰዓት ከተነሳ ያገኘው 8 ሰዓት ነው። ትምህርት ቤቱ ቀን ካላስተኛው፣ ከዝቅተኛው ልክ እንኳ በየቀኑ 2 ሰዓት ይጎድለዋል። በሳምንት አምስቱ የትምህርት ቀናት 10 ሰዓት ማለት ነው፤ አንድ ሙሉ ሌሊት ተቀማ ማለት ነው! ይኸው ልጅ በ2 ሰዓት ቢተኛ ግን 10 ሰዓት ያገኛል።

እንቅልፍ የጎደለው ትልቅ ሰው ይደክመዋል፤ እንቅልፍ የጎደለው ሕፃን ግን ብዙ ጊዜ የደከመው አይመስልም። ይቅበጠበጣል፣ ይነጫነጫል፣ ይማታል፣ በጥቂቱ ያለቅሳል። እኛም «አልደከመውም» ብለን እናቆየዋለን። በተጨማሪም ልጅ ቀን የተማረውን አእምሮው የሚያደላድለው ተኝቶ ሳለ ነው። ስለዚህ ሒፍዝ የጀመረ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን አስቡ፤ ዛሬ የያዘው አንቀጽ ነገ ጠዋት እንዲገኝ ማታ በጊዜ መተኛቱ የሒፍዙ አንድ ክፍል ነው።

የአዲስ አበባ ፀሐይ ኒዕማ ናት

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ያላስተዋልነው የአላህ ኒዕማ አለ። ከተማችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የመግሪብ ሰዓት በዓመቱ ውስጥ የሚለዋወጠው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ነው። በክረምትም ሆነ በበጋ መግሪብ በ12 እና በ1 ሰዓት መካከል ይገባል፤ ዒሻ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ገደማ ነው፤ ፈጅርም በ11 ሰዓት አካባቢ ነው። በለንደን ወይም በስቶክሆልም ያሉ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን በበጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጆቻቸውን ለማስተኛት መስኮት በመጋረጃ ይሸፍናሉ። በሰኔ ወር ለንደን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። እነርሱ የልጃቸውን መኝታ ከሰላት ወቅት ጋር ማያያዝ ይቸግራቸዋል። እኛ ግን ዓመቱን ሙሉ አዛኑን ሰዓታችን ማድረግ እንችላለን።

ስለዚህ የምንመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በመግሪብ አዛን ልጆች ወደ ቤት ይገባሉ። ከመግሪብ በኋላ እራት ይበላሉ። ከእራት በኋላ ቴሌቪዥንና ሞባይል ይዘጋል፤ የስክሪን ብርሃን አእምሮን ያነቃልና። ገላ ወይም እግርና ፊት መታጠብ፣ ጥርስ መፋቅ፣ የሌሊት ልብስ መልበስ ይከተላል። ሰባት ዓመት የሞላቸው ዒሻን እንደገባ ከእናታቸው ወይም ከታላላቆቻቸው ጋር ይሰግዳሉ፤ ከዚያ ያነሱት ከዒሻ በፊት እንቅልፍ ቢወስዳቸው ምንም ነቀፋ የለባቸውም። ከዚያም መብራት ቀንሶ ከነቢያት ታሪክ አንዲት አጭር ታሪክ መንገር፣ አያተል ኩርሲንና ሦስቱን ሱራዎች፣ ኢኽላስን፣ ፈለቅንና ናስን መቅራት፣ ገላቸውንም ማበስ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመኝታቸው ሰዓት እነዚህን ሱራዎች ቀርተው በመዳፋቸው ገላቸውን ያብሱ እንደነበር፣ ለሐሰንና ለሑሰይንም በዱዓ የአላህን ጥበቃ ይለምኑ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። በ2 ሰዓት ትንንሾቹ ይተኛሉ፤ ታላላቆቹም ቢበዛ በ2 ሰዓት ተኩል።

አሥር ዓመት የሞላው ልጅ በ2 ሰዓት ተኝቶ በ11 ሰዓት ከሩብ ለሱብሒ ቢነሳ ከ9 ሰዓት በላይ ተኝቷል። በ5 ሰዓት ያስተኛነውን ልጅ በ11 ሰዓት ጎትተን ስናስነሳው ግን ሱብሒን ከሥቃይ ጋር አቆራኝተን እናስተምረዋለን። ሱብሒ የሚጀምረው ማታ ነው።

በ4 ሰዓት መተኛት የለመደን ልጅ በአንድ ቀን ወደ 2 ሰዓት ለመመለስ መታገል አያስፈልግም። በየሦስት ቀኑ 15 ደቂቃ ብናቀርብለት ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ቅዳሜና እሑድም ልማዱን ብዙ አናፍርሰው።

ስለ ጨቅላ ሕፃናት

አራስ ሕፃን ሌሊትና ቀን አይለይም። የሰውነቱ ሰዓት ለመስተካከል ወራት ይፈጅበታል፤ ሆዱም ትንሽ ነውና ሌሊት መጥባት አለበት። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ የመኝታ ሰዓት አንጠይቀው። ነገር ግን ቀን ብርሃን ውስጥ እናጫውተው፤ ሌሊት ደግሞ በደብዛዛ ብርሃንና በዝቅተኛ ድምፅ አጥብተን እንመልሰው። እሹሩሩ ማለትም ሆነ ማዘል መልካም ልማዳችን ነው፤ ሲታዘል ፊቱ አለመሸፈኑን እያየን።

ሕፃን የሚተኛው በጀርባው ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ በእንቅልፍ ላይ የሚደርስ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት በግማሽ ያህል ቀንሷል። ፍራሹ ጠንከር ያለ ይሁን፤ ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና ጋቢ ከፊቱ ይራቅ። ከእናቱ አልጋ አጠገብ በራሱ ትንሽ መኝታ ቢተኛ ይመረጣል። አቅም ኖሮን ካልሆነና አንድ አልጋ ላይ ከተኛ፣ ከሌሎች ልጆች መካከል አናድርገው፤ ሶፋ ላይም ታቅፈነው አናንቀላፋ። ፉቀሃዎች ተኝቶ ሳለ በሕፃን ላይ ተገልብጦ ለሞት ያበቃን ሰው ጉዳይ በስሕተት ከተፈጸመ ግድያ ጋር አያይዘው ተናግረውበታል። ይህም የሕፃን ነፍስ በእንቅልፋችን ውስጥ እንኳ አማና መሆኗን ያሳየናል።

«ይተኛልኝ» ብሎ የጉንፋን ሽሮፕ መስጠት ከቶ አይፈቀድም፤ ትንፋሹን ሊጎዳው ይችላል። ይህን ቤት ለምንተውላት ሠራተኛም በግልጽ እንንገራት። ሌሊት የሚያለቅስን ሕፃን ወዲያው «ዓይን ነው፣ ጂን ነው» ከማለት በፊት ረሃቡን፣ ርጥበቱን፣ ጆሮውንና ሆዱን እንይ። መቅራት ሱና ነው፤ ሐኪም ዘንድ መሄድም እንደዚሁ ሰበብ ማድረስ ነው። በአንገቱ ላይ ክታብና ክር ማሰር ግን በዲናችን የተነቀፈ ከመሆኑም ሌላ ክሩ ሊያንቀው ይችላል። ሲተኛ አጥብቆ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ለአፍታ የሚቋረጥ ልጅም ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ብዙ ጊዜ የቶንሲል ችግር ሊሆን ይችላል።

ለአባቶች

«እኔ የምመጣው በ3 ሰዓት ነው፤ ተኝተው ካገኘኋቸው መቼ ነው የማያቸው?» የሚሉ አባቶች ብዙ ናቸው። ጥያቄው የፍቅር ጥያቄ ነውና እናከብረዋለን። ነገር ግን አባቱን ለማየት ሲል በየሌሊቱ ሁለት ሰዓት እንቅልፍ የሚከፍለው ሕፃኑ ነው። ይልቅ ጠዋቱን እንጠቀም። በጊዜ የተኛ ልጅ 12 ሰዓት ሳይሞላ በደስታ ይነቃል፤ ከሱብሒ የተመለሰ አባት ቁርስ አብሮት ይበላል፣ ሱራውን ያስቀራዋል፣ እስከ ሰርቪሱ ይሸኘዋል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ለኡመታቸው በማለዳው በረካ እንዲደረግ ዱዓ አድርገዋል። በሳምንት አንድና ሁለት ቀንም ቢሆን ሱቁን ቀደም ብሎ መዝጋት ከሪዝቃችን አይቀንስም።

ሌሊት ስንገባ ደግሞ የመልዕክተኛውን አደብ እንያዝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሌሊት ሲመጡ የነቃ የሚሰማው፣ የተኛ ግን የማይነቃበት ሰላምታ ያቀርቡ እንደነበር ከሚቅዳድ (ረ.ዐ) መተላለፉን ሙስሊም ዘግበዋል። የዓለም መሪ የሆኑት ነቢይ ለተኙ ሰዎች ድምፃቸውን ከቀነሱ፣ እኛ በር እያንኳኳንና በስልክ እየጮኽን የተኛ ሕፃን መቀስቀሳችን ተገቢ ነውን? ይህ አደብ በቀጭን ግድግዳ ለተለየን ጎረቤታችንም ነው፤ እሱም የሚያስተኛው ሕፃን አለው።

የእናቶችን ድካምም አንርሳ። ፋጢማ (ረ.ዐ) በቤት ሥራ ደክመው አገልጋይ ሲጠይቁ፣ አባታቸው (ሰ.ዐ.ወ) በመኝታ ሰዓት 33 ጊዜ ተስቢሕ፣ 33 ጊዜ ተሕሚድ፣ 34 ጊዜ ተክቢር እንዲሉ አስተማሯቸው። እናቶቻችን በዚህ ይበርቱ። ባሎች ግን ሐዲሱን ለሚስት ብቻ ትተን አንተኛ። ነቢያችን በቤታቸው የቤተሰባቸውን ሥራ ያግዙ ነበር። ሌሊት ያለቀሰውን ሕፃን ማንሳት፣ ታላቁን መሸፈን የአባትም ድርሻ ነው።

እሳትና ከሰል

በመዲና አንድ ቤት ሌሊት ከነቤተሰቡ በተቃጠለ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እሳት ጠላታችን መሆኑን ነግረው ስንተኛ እንድናጠፋው አዘዋል። በከተማችን ክረምት ሲመጣ ብርዱን ለመከላከል ከሰል ከነማንደጃው ወደ መኝታ ክፍል ይገባል፤ በርና መስኮትም ይዘጋል። ከከሰሉ የሚወጣው መርዘኛ አየር ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ቡና ተፈልቶ፣ ዕጣን ተጭሶ ካበቃ በኋላ ማንደጃው ከሚተኛበት ክፍል ሳይወጣ መብራት አይጠፋ። ይህን አንድ ነገር ብቻ ከንግግራችን የያዘ ቤተሰብ ብዙ አትርፏል።

በረመዳን

ረመዳን የሌሊት ዒባዳ ወር ነው፤ ልጆችም ድምቀቱን ሊያዩ ይገባል። ሆኖም የማይጾም የሦስት ዓመት ሕፃን ለሱሁር መቀስቀስ አያስፈልገውም። ትንንሾቹን ሁልጊዜ ሳይሆን ነገ ትምህርት በሌለባቸው ሌሊቶች ለተራዊሕ እንውሰዳቸው፤ በሌላው ቀን እናት ቤቷ ብትሰግድ ምንዳዋ አይጠፋም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሕፃን ልቅሶ ሲሰሙ ለእናቱ አዝነው ሰላታቸውን ያሳጥሩ ነበር። ከዒድ በኋላም ወደ ቀድሞው ሰዓት ቀስ በቀስ እንመልሳቸው።

ውድ አድማጮቻችን፣ የምንኖረው በሰፊ ቪላም ይሁን በአንድ ክፍል ስቱዲዮ፣ መጋረጃ ዘርግተን፣ መብራት ቀንሰን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ልጆቻችንን በጊዜ ማስተኛት እንችላለን። አሥር ዓመት ሲሞላቸው መኝታቸውን እንድንለይም ታዘናል፤ አልጋ ባይበቃ ፍራሽ ይለይ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ውሳኔ ይጠይቃል። ዛሬ ማታ የዒሻ አዛን ሲሰማ ባልና ሚስት ተቀምጠው የልጆቻቸውን የመኝታ ሰዓት ይወስኑ፤ ለአያትም፣ ለሠራተኛም፣ ለታላላቅ ልጆችም ያሳውቁ።

አላህ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን፤ እንቅልፋቸውን ዕረፍት፣ ንቃታቸውን ዒባዳ ያድርግላቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።